ሰውና ተፈጥሮ በፊልም ውስጥ፦ ከወሎ ረሃብ እስከ ኮልፌ ቀራንዮ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ከገበያው የመጣ ነው። ለግድግዳ ማገርና ወጋግራ፣ ለአጥር፣ ለፎቅ ሠራተኛ መወጣጫ የሚሆን የባሕር ዛፍ አጠና በውፍረቱና በቁመቱ እየተለየ ሲሸጥበት ኖሯል። ባሕር ዛፍ፣ ስሙም እንደሚመሰክረው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ ያጣችው አዲስ አበባ መናገሻነቷን ለአዲስ ዓለም ልትለቅ ተቃርባ እንደነበረና ካዳኗት ነገሮች አንዱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ከውጭ የገባው የዚህ ዛፍ ዘር መሆኑ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እንግዲህ የኮልፌ ልጅ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመላለስ የሚያየው ተፈጥሮ ሰው ያስመጣው፣ ሰው የተከለው፣ ሰው የቆረጠውና ሰው የሸጠው ነው። ከገፈርሳ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂም ቢሆን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ነው በሰፈሩ የሚያልፈው።

ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል ሲነሣ ተማሪው በቀላሉ የሚያስታውሰው አጠናውንና ወንዙን ሳይሆን በቴሌቪዥን ያየውን ነው። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ፣ የጣና ታንኳ፣ የዳሎል ቢጫ ጨው፣ ወይም በሌላው ጫፍ የተሰነጠቀ መሬትና የከሳ ሕፃን ይሆናል የሚመጣለት። እነዚህ ሥዕሎች በራሳቸው የመጡ አይደሉም። እያንዳንዳቸው በታወቀ ጊዜ፣ በታወቀ ሰው፣ ለታወቀ ዓላማ የተነሡ ናቸው። የአካባቢ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ ወይም የክወናና የእይታ ጥበባት መምህር ፊልምን ለማስተማሪያነት ከመጠቀሙ በፊት የዚህን ታሪክ ዋና ዋና ምዕራፎች ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ድርቁና ረሃቡ

ፊልም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቀደም ብሎ ነው፤ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «ሰይጣን ቤት» ተብሎ መጠራቱ እስከ ዛሬ ይወሳል። የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን የአገሪቱ መሬትና ሰማይ፣ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ተያይዘው፣ በፊልም አማካይነት የመንግሥትን ዕጣ እስከ መወሰን የደረሱት ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ መንግሥት ነገሩን በይፋ ከመናገር ተቆጥቦ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ዘጋቢ ፊልም «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርዕስ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ፊልሙ የተሠራው ለብሪታንያ ተመልካች ነው፤ የተመልካቹን ርኅራኄ ቀስቅሶ ለተራቡት እርዳታ እንዲሰበሰብ አድርጓል። ሥዕሉ የሚለው ባጭሩ ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ ነው።

ያው ፊልም ከአንድ ዓመት በኋላ በሌላ ቋንቋ ተናገረ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫው ዕለት ማታ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ሥዕሎች ከቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ ከሚያሳዩ ሥዕሎች ጋር አፈራርቆ አቀረበ። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወረዱ። በወሎ የተነሣው ሥዕል አንድም አልተለወጠም። የተለወጠው በስተኋላውና በስተፊቱ የተቀጠለው ነው። በለንደን «ሰማይ ጨከነ» ይል የነበረው ሥዕል በአዲስ አበባ «ጌቶች ጨከኑ» አለ።

ይህ ታሪክ ለመምህራን ልዩ ጥቅም አለው። ተማሪው አንድ የተፈጥሮ ሥዕል ብቻውን ምክንያትን እንደማይናገር፣ ምክንያቱን የሚናገረው የሥዕሎቹ አቀማመጥ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚማርበት ምሳሌ ከአገሩ ታሪክ ሊያገኝ አይችልም። የሁለቱም ንባብ ግማሽ እውነት አለው ብሎ መተው ግን አይገባም፤ ጉዳዩ በጥናት የተመረመረ ነውና። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወሎ ረሃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶ፣ በዚያ ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት የተፈራውን ያህል እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እህል ይወጣ እንደነበረ አሳይቷል። የወሎ ገበሬ ያጣው የሚገዛበትን አቅም ነው፤ ከብቱ ሞቶ፣ ምርቱ ጠፍቶ፣ በገበያ ያለውን እህል እያየ ተራበ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ መጋለጥ በጻፉት መጽሐፍ፣ ድርቅ የመጨረሻው ምት እንደሆነና ገበሬውን ቀድሞ ያራቆተው የኖረበት ሥርዓት መሆኑን በሰፊው ተከራክረዋል።

ወደ ኋላ የተመለሰው ካሜራ

ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ከናይሮቢ የመጣው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡት ዘገባ በዓለም ዙሪያ ታየ። ከዚያም ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት ተደረገ። የተሰበሰበው እርዳታ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በሥዕሉ ውስጥ ያለው የሰውና የተፈጥሮ ግንኙነት ከ1966 ዓ.ም. የለንደን ፊልም አንድ ስንዝር አላለፈም። ሜዳው፣ የንጋቱ ጉም፣ የተኮለኮለው ሕዝብ ሁሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን እንደ መጣ ቁጣ ቀረበ። በሰሜኑ ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ የእህል ግዴታ ኮታውና የንግድ እገዳው በስክሪኑ ላይ ቦታ አላገኙም። መንግሥትም በበኩሉ ድርቅ የሚለውን ማብራሪያ ተጠቅሞበታል፤ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሰፈራ የተገለጸው መሬቱ ስለደከመ ነው በሚል ነበር። ድርቅ ለማንም የማይመልስ ተከሳሽ ነው።

የእነዚህ ሁለት ዘገባዎች ዕድሜ እጅግ ረጅም ነው። ዛሬም የኢትዮጵያ ስም በውጭ አገር ሲጠራ የሚመጣው ሥዕል የእነርሱ ነው፤ በአገር ውስጥም ቢሆን በመማሪያ መጻሕፍት ስለ ድርቅ የሚሠሩ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ የእነርሱ ቅጂ ይመስላሉ።

ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት

በዚያው በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ገና ሲፈነዳ፣ የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ በጥቁርና ነጭ ፊልም «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ሥራውን አነሣ። ተዋንያኑ አብዛኞቹ ሙያተኞች አልነበሩም። ፊልሙ በ1968 ዓ.ም. በውጭ አገር የፊልም በዓላት ታይቶ ተደነቀ፤ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በመካከሉ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ታውጇል። ማለት፣ ፊልሙ ሲነሣ የነበረው የጭሰኝነት ሥርዓት ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ በሕግ ፈርሷል።

ይህ ፊልም ከላይ ከተጠቀሱት ዘገባዎች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከጊዜ አያያዙ ይጀምራል። ዘገባው የሚመጣው ሰው መሞት ሲጀምር ነው። ኃይሌ ገሪማ ግን የሚያሳየው የተለመደውን ቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ቤተሰቡ ይነሣል፤ በሬ ይጠመዳል፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፤ ማገዶ ይለቀማል። ሥራው በሚወስደው ጊዜ ልክ በስክሪኑ ላይ ይቆያል፤ ትዕግሥት የሌለውን ተመልካች የሚያሰለች እስኪመስል ድረስ። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ በወንበር ተቀምጦ ይጮኻል። እርሻው ለምለም ነው፤ ድርቅ የለም። ገበሬው በለምለም መሬት ላይ ደክሞ መኖሩ ነው የፊልሙ ክርክር። የቤቱ ልጅ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው በባለርስቱ ሲነዱ ታያለች፤ በኋላም የባለርስቱን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትሞክር ጎርፉ ይወስዳታል። እዚህ ላይ ገዳዩ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ጎርፍ ነው፤ ነገር ግን ልጅቱን ወደ ጎርፉ የላካት የላሚቱ ባለቤት ማን መሆኑ ነው።

በሌላ አገር ተመሳሳይ ሥራ አልነበረም ማለት አይደለም። የዩክሬኑ አሌክሳንደር ዶቭዤንኮ እ.ኤ.አ. በ1930 «ምድር» በተባለው ፊልሙ የስንዴ ማሳን፣ የአፕል ፍሬንና የገበሬን ሞት አንድ ላይ አስተሳስሯል። የሕንዱ ሳትያጂት ሬይ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ የቤንጋልን ዝናብ የድሃ ቤተሰብ ኀዘን አካል አድርጎታል። ልዩነቱ፣ ዶቭዤንኮ ትራክተር ሲመጣ ምድሪቱ ከሰው ጋር ትታረቃለች ብሎ ያምን ነበር፤ ኃይሌ ገሪማ ግን የታረቀ ነገር አያሳይም። ከመሬት አዋጁ በኋላ ያሉት ዓመታት ይህን ጥርጣሬ የሚያስተባብሉ አልሆኑም።

ሰው የሌለበት ተራራ

ሌላው የፊልም ዘር የመጣው ከአውሬና ከባህል አጥኚዎች ነው። በኦሞ ሸለቆ ሮበርት ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሐመር «የአሸዋ ወንዞች» የሚለውን ፊልሙን አወጣ። በዚያው ዓመት ሌስሊ ውድኸድ ከሰው ልጅ ባህል አጥኚው ዴቪድ ተርተን ጋር ስለ ሙርሲ የመጀመሪያውን ፊልም ሠራ፤ ከዚያ በኋላ በ1985ና በ1991 እየተመለሱ ተከታዮቹን አነሡ። ከእነዚህ የሙርሲ ፊልሞች ዋጋው የሚበልጠው መመለሳቸው ነው። አንድ ሕዝብ በድርቅ ምክንያት የኦሞን ዳር ትቶ አዲስ መሬት ፍለጋ ወደ ማጎ ሲሄድ፣ ካሜራው ከዓመታት በኋላም ያንኑ ሕዝብ ያገኛል። ሙርሲዎች ኦሞ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ያርሱ ነበር። 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ያ የወንዝ ሙላት በተፈጥሮው መንገድ አይመጣም። ስለዚህ የተርተን ፊልሞች ዛሬ የሚታዩት እንደ ታሪክ ሰነድ ነው፤ ሲሠሩ ግን ለዚያ ታስበው አልነበረም።

በሰሜን ተራሮች የሆነው ከዚህ ይለያል። በ1998 ዓ.ም. ቢቢሲ ያሰራጨው «ፕላኔት ኧርዝ» የተባለ ተከታታይ ፊልም ስለ ተራሮች በሚናገርበት ክፍሉ ከኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ጭላዳና ዋልያ ይሻገራል። ሥዕሉ እጅግ ያምራል፤ በብዙ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም ለመምህራን መነሻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ፊልሞች በልማድ ገበሬውን ከሥዕሉ ውጭ ያደርጉታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በውስጡ የሚያርስና የሚያሰማራ ሕዝብ ነበረ። በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ የተዛወሩት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፊልሙ ላይ ሰው አለመኖሩና በመሬቱ ላይ ሰው እንዳይኖር መደረጉ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት ከማስረጃው በላይ መሄድ ይሆናል። ሆኖም ሁለቱም የሚነሡት ተፈጥሮ ንጹሕ የሚሆነው ሰው ሲርቀው ነው ከሚል አንድ እምነት ነው፤ ይህንንም እምነት ተማሪው ሳያውቀው ከፊልሙ ጋር ይጠጣዋል።

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው በ2012 ዓ.ም. የወጣው፣ የጄረሚ ሳይፈርት አጭር ዘጋቢ ፊልም ነው። ደቡብ ጎንደርን የመሰለ የተመነጠረ አገር ላይ እንደ ደሴት የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያሳያል። ከላይ ሆኖ ሲታይ በደረቀው ማሳ መካከል ክብ አረንጓዴ ነጥብ ነው፤ በነጥቡ መካከል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ያደረጉትን ጥረት ይገልጻል። እዚህ ደኑ የቆየው ሰው ስላለበት፣ ሰውም ስለፈራውና ስላከበረው ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር፣ ተፋሰሱን አልምቶ በ2004 ዓ.ም. የኢኳተር ሽልማት ያገኘው፣ በሌሎች ዘጋቢ ፊልሞች ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቷል።

የቪዲዮው ዘመንና በኋላ የመጡት

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዲጂታል ካሜራ ሲስፋፋ በአዲስ አበባ የአማርኛ ፊልም በብዛት መሠራት ጀመረ። ስለዚህ ዘመን ለዚህ ርዕስ የሚባለው ጥቂት ነው። ፍቅር፣ ቀልድ፣ የቤተሰብ ምሥጢር ዋናዎቹ ጉዳዮች ስለነበሩ፣ ተፈጥሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፍቅረኞች ሐይቅ ዳር ሲዝናኑ ወይም ገጸ ባሕርዩ «ከገጠር መጣ» ለመባል ነው። ሐይቁ ዓሣ የሚጠመድበት፣ መስኖ የሚሳብበት መሆኑ አይታይም። ከኪራይ ካሜራና ከጥቂት ቀን ቀረጻ በላይ አቅም ለሌለው አዘጋጅ ግን ገበሬን በአራቱም ወቅት ተከታትሎ ማንሣት የሚቻል አልነበረም፤ ወቀሳው ይህን ያገናዘበ ሊሆን ይገባል።

ከዚህ ጎርፍ ወጣ ብለው የቆሙት ጥቂቶች ናቸው። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ወደ ጣና ዳር ተመለሰ። ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። በጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር በልጅነቱ የሚያውቀውን ሐይቅ ያገኘዋል፤ ነገር ግን በዚያው አገር ወጣቶች ከውትድርና ምልመላ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ውብ የሆነው መሬት መጠለያም ወጥመድም ነው። አንበርብር በመጨረሻ የመንደሩን ልጆች ወደ ማስተማር መዞሩን ይህን መጽሔት የሚያነብ መምህር ሳያስተውል አያልፍም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። እናቱን ድርቅ ባስከተለው ችግር ያጣው ኤፍሬም፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ጩኒ ከተባለች በጉ ጋር በለምለም ተራራማ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች ይሰጣል። አጎቱ ለበዓል በጓ ትታረድ ይላል፤ ልጁ ማረስ አይሆንለትም፤ ይልቁንም ምግብ ያበስላል፣ ሳምቡሳ በገበያ ሸጦ ገንዘብ ያጠራቅማል። ለዚህ ጽሑፍ ፊልሙ ያለው ጥቅም ድርቅና ለምለም አገርን በአንድ ታሪክ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። አረንጓዴው መሬት ከድርቁ ያላነሰ ይጨክናል፤ መሬቱ ጠቧልና፣ የሚበላውም አፍ በዝቷልና። ተመልካቹ ለበጓ ሲሳሳ የአጎትየውን ቤተሰብ ረሃብ እንዲረሳ ፊልሙ አይፈቅድለትም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ወደ ሐረር ያሻግራል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጫት ከሚለቀምበት ማሳ እስከሚቃምበት ቤት ይከተላል። ቡና የነበረበት መሬት እንዴት ወደ ጫት እንደ ዞረ በንግግር አያስረዳም፤ የሠራተኞቹን እጅ ያሳያል። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት መድረቁና ዓመታት ቆይቶ ውኃው እንደገና መታየቱ ከዚህ ፊልም ጋር አብሮ ሊሰጥ የሚገባ ትምህርት ነው፤ ለመድረቁ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውኃው ከልክ በላይ መሳቡና ከተራራው የታጠበው አፈር ሐይቁን መሙላቱ ይገኙባቸዋል።

የከተማው ዳርቻ

እስከዚህ የተጠቀሱት ፊልሞች ሁሉ ተፈጥሮን ከአዲስ አበባ ርቆ ያገኙት ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በበርሊን የፊልም በዓል የልጆች ክፍል የቀረበው የሞ ስካርፔሊ «አንበሳ» ግን ካሜራውን ከከተማው ጫፍ ተከለ። አሳልፍ የተባለ የአሥር ዓመት ልጅና እናቱ ከእርሻ መሬታቸው ተነሥተው፣ አጠገባቸው አዲስ ኮንዶሚኒየም ቆሞ፣ ከጫካው ጥግ በምትገኝ ጎጆ ይኖራሉ። ልጁ ከግንባታው ቦታ የተጣለ ሽቦና ቁርጥራጭ ለቅሞ ዕቃ ይሠራል። ማታ ጅብ ይጮኻል። እርሱም ራሱን አንበሳ ያደርጋል። ጅቡ እውነተኛ ጅብ ነው፤ ቀን ላይ የሚመጣው ሌላው ጅብ ግን ፎቅ ነው ብሎ የሚያስብ ተመልካች አይሳሳትም።

የኮልፌ ቀራንዮ መምህር ይህን ፊልም ሲያይ እንግዳ ነገር አያገኝም። ሚኪሊላንድን የመሰሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ባሉበት ክፍለ ከተማ፣ ትናንት ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት የነበረውን መሬት የሚያስታውሱ ወላጆች ያሏቸው ተማሪዎች በየክፍሉ አይጠፉም። በሌላ በኩል ፎቁ ላይ ዕጣ የደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆችም በዚያው ክፍል ተቀምጠዋል። የእነዚህ ደስታ የእነዚያ ኀዘን እንደሆነ የሚናገር ፊልም በአንድ ዴስክ ላይ ለሚቀመጡ ሁለት ልጆች ሲታይ መምህሩ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባል። ይህም ሆኖ አለማሳየት መፍትሔ አይሆንም፤ ልጆቹ ነገሩን ከስክሪን ውጭ በየቀኑ ያዩታል።

በክፍለ ከተማው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በካሜራ የታየው ቦታ ግን ቆሼ ነው። የረጲ ቆሻሻ መጣያ ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል ኖሮ ተራራ ሆኗል፤ ከሠላሳ ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል። ዙሪያውን ከቆሻሻው ፕላስቲክ፣ ብረትና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ፣ የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ተቃውመው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ የኀዘን ቀን ታወጀ። በቴሌቪዥን የታየው ኤክስካቫተር ጥቁሩን አፈር ሲዝቅ፣ ዘመዶች ዳር ቆመው ሲያለቅሱ ነው። አፈር መሰለ እንጂ አፈር አልነበረም። ብዙ ዘገባዎች አደጋውን የገለጹት «የመሬት መንሸራተት» ብለው ነው። ይህም ቃል እንደ «ድርቅ» ሁሉ ምክንያቱን ለተፈጥሮ የሚያስረክብ ነው፤ ያንን ተራራ የከመረው ዝናብ ወይም የምድር መናወጥ አይደለምና።

ከአሥራ ሰባት ወር በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው ስፍራ ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ፣ 25 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ፋብሪካ ተመረቀ። የምረቃው ሥዕል የሚያሳየው ንጹሕ ሕንፃ፣ ከፍ ያለ የጭስ ማውጫ፣ ሪባንና ባለሥልጣናት ነው። መምህሩ ሁለቱን ዜናዎች፣ የመጋቢት 2009ን እና የነሐሴ 2010ን፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ አከታትሎ ለክፍሉ ቢያሳይ የ1967ቱን የዘመን መለወጫ ማታ ዘዴ በትንሹ ይደግመዋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ደግሞ ቢያሳይ ተማሪዎቹ ፈጽሞ የተለየ ታሪክ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ሊቀርብላቸው የሚችለው የመጀመሪያው ጥያቄ በጣም ቀላል ነው፦ በፊተኛው ሥዕል ዳር ቆመው የነበሩት ቆሻሻ ለቃሚዎች በሁለተኛው ሥዕል ውስጥ የት ናቸው?